ብቅል ማብቀል የቻለ ቲማቲም አያቅተውም

«ዘሩን ዘራሁት፣ በየቀኑም ውሃ አጠጣሁት፣ ግን ምንም አልወጣም።» ይህን ከስንት ሰው እንደሰማሁ ቆጥሬ አልዘልቀውም። ቀጥሎ የሚመጣው ደግሞ ሁሌም አንድ ነው፤ «በቃ የኔ እጅ ለተክል አይሆንም።» እኔ በዚህ አላምንም። ችግሩ እጅ አይደለም፤ ዘሩ ውስጥ ምን እንደሚካሄድ ማንም ስላልነገረን ነው። የሚገርመኝ ግን አብዛኞቻችን ዘር ሲበቅል እያየን ነው ያደግነው። ጠላ በሚጠመቅበት ቤት ያደገ ሰው ብቅል ያውቃል።

እስቲ አስታውሱት። ገብሱ ይለቀምና ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል። ካደረ በኋላ ውሃው ይንጠፈጠፋል። ከዚያ በኮባ ወይም በጉሎ ቅጠል ተሸፋፍኖ ሞቅ ያለ ጥግ ይቀመጣል። በሁለት በሦስት ቀኑ ሲገለጥ ነጫጭ ሥር አውጥቶ፣ እርስ በርሱ ተያይዞ ይገኛል። እናቴ ቅጠሉን ገለጥ አድርጋ እጇን ወደ ውስጥ ትሰድ ነበር። እኔም እጄን እንድከት ትፈቅድልኝ ነበር። ውስጡ ለብ ይላል። አጠገቡ እሳት የለም፣ ፀሐይም አይደርሰውም፣ ግን ይሞቃል። ምክንያቱን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው፤ ያ ሙቀት የገብሱ ትንፋሽ ነው። ዘር ሲበቅል ይተነፍሳል፣ የያዘውን ምግብ ያቃጥላል፣ እንደማንኛውም ሕይወት ያለው ነገር ሙቀት ያወጣል።

የዘር ነገር ሁሉ እዚህ ውስጥ አለ። ውሃ፣ አየር፣ ሙቀት። ልብ በሉ፣ ገብሱ ውሃ ውስጥ አይተውም፤ ከጠጣ በኋላ ይወጣል። እናቶቻችን ይህን ሲያደርጉ ዘሩ እንዳይታፈን እያደረጉ ነው።

ለበቆልት ባቄላ ስትዘፈዝፉ አንዷን አንሡና ቆዳዋን በጥፍር ላጥ አድርጉት። ሁለት ክክ ሆና ትከፈላለች። ከሁለቱ በአንደኛው ጠርዝ ላይ ትንሽ ጭራ የመሰለች ነገር ተጣብቃ ታገኛላችሁ። ጠጋ ብላችሁ እዩአት። አንዱ ጫፏ ሾጠጥ ያለ ነው፤ ሥር የሚሆነው እሱ ነው። በሌላው ጫፍ እጅግ ትናንሽ ቅጠሎች ተጣጥፈው ተቀምጠዋል። ተክሉ ማለት ይህች ናት፤ ሥሯም ቅጠሏም ከመዘራቷ በፊት ተሠርቶ አልቋል። ትልቁ ክክ ደግሞ ስንቋ ነው። ሥር ሰዳ ቅጠሏን ለፀሐይ እስክትዘረጋ ድረስ የምትበላው እሱን ነው።

ደረቅ ዘር ሞቷል ማለት አይደለም። ሥራውን ሁሉ ቀንሶ እየጠበቀ ነው። ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ቆዳው ይለሰልሳል፣ ውስጡ ያሉት ኢንዛይሞች ሥራ ይጀምራሉ። ኢንዛይሞቹ ስታርቹን ወደ ስኳር ይቀይሩታል። ብቅል ቆርጥማችሁ የምታውቁ ከሆነ ጣፈጥ የሚለው ለዚህ ነው፣ ጠላውም የሚፈላው በዚሁ ነው። ግን ያንን ስኳር ወደ ጉልበት ለመቀየር ኦክስጅን ያስፈልጋል። አፈሩ በውሃ ከተሞላ አየር መግቢያ ያጣል። ያኔ ዘሩ ይታፈናል፣ ከዚያ ይበሰብሳል። በየቀኑ እያጠጡ «አልበቀለም» የሚሉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ዘሩን የሚገድሉት በፍቅር ነው።

ስለዚህ ከውሃው በፊት አፈሩን እናስተካክል። የአዲስ አበባ ብዙ ሰፈር አፈሩ ዋልካ ነው። ሲርስ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ እንደ ሸክላ ይደርቅና ከላይ ቅርፊት ይሠራል፣ ደካማ ቡቃያ ያንን መሰንጠቅ አይችልም። እኔ የምጠቀመው ሁለት እጅ የግቢ አፈር፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ወይም ኮምፖስት፣ አንድ እጅ አሸዋ ነው። ፍጉ ትኩስ ከሆነ ተዉት፤ ሥር ያቃጥላል። ዕቃው ምንም ሊሆን ይችላል። የሃይላንድ ጠርሙስ ግማሹ ተቆርጦ፣ የእርጎ ኩባያ፣ የእንቁላል ካርቶን፣ የተሰነጠቀ ጀሪካን። ግን ከሥሩ ቀዳዳ ይኑረው። ቀዳዳ የሌለው ዕቃ ውስጥ መዝራት ገብሱን ከነውሃው እንደ መተው ነው።

ውሃው በቃው አልበቃው የሚለውን በእጅ እወቁት። አፈሩን ጨብጣችሁ ስትጨምቁት ውሃ ካንጠባጠበ በዝቷል። እጃችሁን ስትከፍቱ ወዲያው ከተበታተነ አንሷል። ተጣብቆ ቆይቶ በጣት ሲነኩት የሚፈርስ ከሆነ ልክ ነው። ዘሩ ትንሽ ከሆነ ከላይ አታፍስሱበት፣ ይዞት ይሄዳል። ኩባያውን ውሃ ያለበት ሳህን ላይ ለግማሽ ሰዓት አስቀምጡትና ከታች ይጠጣ፣ ከዚያ አንሡት። ከላይ በስስ ፌስታል ብትሸፍኑት እርጥበቱን ይይዝላችኋል። የመጀመሪያው ቡቃያ ብቅ ባለ ቀን ግን ፌስታሉን አንሡ።

ጥልቀት ላይ ደግሞ ብዙ ዘር ይባክናል። የመጀመሪያ ጊዜ ሰላጣና ጎመን ስዘራ በሁለት ጣት ቆፍሬ ቀበርኳቸው። ባቄላ ቢሆን ይወጣ ነበር። የጎመን ዘር ግን ስንቁ ጥቂት ናት፤ ያንን ሁሉ አፈር ወደ ላይ እየገፋ ሳለ ምግቡ ያልቅበታል። ያኔ ገበሬውን መጠየቅ ነበረብኝ። የጤፍ ፍሬ ከማነሷ የተነሣ ወደ 150 የምትሆነው ተደምራ ነው አንድ የስንዴ ፍሬ የምታክለው። ስለዚህ ገበሬው ጤፍን አይቀብርም። ማሳውን ደጋግሞ አርሶ ያለሰልሰዋል፣ በብዙ አገር ከብት አግብቶ ያስረግጠዋል፣ ከዚያ ላዩ ላይ ይበትነዋል። መረገጡ አፈሩን ያጠጋጋዋል፣ ዘሩም ከእርጥበቱ ጋር ይነካካል። እኛም በኩባያ ስንሠራ ነገሩ ያው ነው። ደቃቅ ዘር ከሆነ ላዩ ላይ በትኑት፣ በመዳፍ ጫን ጫን አድርጉት፣ እላዩ ላይ ስስ አፈር እንደ ዱቄት ንፉበት። ከዚያ ከፍ ያለውን ደግሞ የዘሩን ውፍረት ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ያህል ብቻ አልብሱት።

ሰላጣ ለብቻው ይነገርለት። ብዙ የሰላጣ ዓይነት ለመብቀል ብርሃን ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1952 ሃሪ ቦርትዊክና ስተርሊንግ ሄንድሪክስ ከባልደረቦቻቸው ጋር ይህንን በሚገባ አሳይተዋል። የሠሩት ሜሪላንድ ውስጥ ቤልትስቪል በሚባል የግብርና ምርምር ጣቢያ ነው፤ ብዙ ሐበሻ ከሚኖርበት ሲልቨር ስፕሪንግ ቅርብ ነው። የሰላጣ ዘር ቀይ ብርሃን ሲያበሩበት ይበቅላል፤ ዓይን በጭራሽ ከማያየው ጋር የሚዋሰነውን ጥልቅ ቀይ ሲያበሩበት ደግሞ ይተወዋል። እየቀያየሩ ቢያበሩበት የሚሰማው የመጨረሻውን ነው። ለምን ቢባል፣ በቅጠል ውስጥ ያለፈ ብርሃን ቀዩ ተወስዶበት የሚተርፈው ያ ጥልቅ ቀይ ነው። ዘሩ «ከላዬ ሌላ ተክል አለ፣ አሁን ብወጣ ጥላ ውስጥ ነኝ» ብሎ ይጠብቃል ማለት ነው። ይህን ካነበብኩ ወዲህ የሰላጣ ዘር ላይ አፈር መጫን አቆምኩ።

ወደ ሙቀት እንምጣ። ቡሖ በብርድ ቀን እንደሚዘገየው ዘርም ይዘገያል፣ ያውም በጣም። የቲማቲም ዘር አፈሩ 25 ዲግሪ ሲሆን በ6 ቀን ገደማ ይወጣል። 15 ዲግሪ ሲሆን 2 ሳምንት ይፈልጋል። 10 ዲግሪ ላይ ከ40 ቀን በላይ ይቆያል፤ እስከዚያ ደግሞ አብዛኛው ይበሰብሳል። ቃሪያ ከዚህም ይብሳል፣ 15 ዲግሪ ላይ ወደ 25 ቀን ይፈጅበታል። እንግዲህ አዲስ አበባ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። በረንዳ ላይ ቲማቲም ዘርቶ በሳምንቱ ተስፋ የሚቆርጥ ሰው ዘሩን በከንቱ ይወቅሳል። ኩባያውን ሊጥ የምታስቀምጡበት ጥግ፣ ወይም እንጀራ የሚጋገርበት ክፍል አስገቡት። ሳይበቅል ብርሃን አያስፈልገውም፣ ሙቀት ይበቃዋል።

ቆላ ያላችሁ፣ ድሬዳዋም ሁኑ ዱባይ፣ ችግራችሁ ተቃራኒው ነው። ሰላጣ ከ30 ዲግሪ በላይ ሲሆን አይበቅልም። ዘሩን በእርጥብ ሶፍት ጠቅልላችሁ አንድ ሁለት ቀን ፍሪጅ ውስጥ አቆዩትና ወደ ማታ ዝሩት።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ ጥያቄ አለ፤ ዘሩ ራሱ በሕይወት አለ ወይ? አንድ ጊዜ የገዛሁት እሽግ የሽንኩርት ዘር ነበር። ሁለት መደብ ሙሉ ዘራሁት፣ ሦስት ሳምንት ተንከባከብኩት፣ አምስት ስድስት ቡቃያ ነው የወጣልኝ። ከእሽጉ የተረፈውን 20 ፍሬ ቆጥሬ በእርጥብ ሶፍት ሞከርኩት። የበቀለው 2 ብቻ ነው። ያንን ሙከራ መጀመሪያ ባደርገው ኖሮ ሦስት ሳምንቴ አይሄድም ነበር። የሽንኩርት ዘር አንድ ሁለት ዓመት ካለፈው ይደክማል። ቲማቲምና ዱባ በደንብ ከተቀመጡ አራት አምስት ዓመት ይቆያሉ።

ሙከራው ቀላል ነው። ሶፍት አርሳችሁ ጨመቅ አድርጉት። 10 ወይም 20 ዘር ቆጥራችሁ አስቀምጡበት፣ ጠቅልላችሁ በፌስታል ሞቅ ያለ ቦታ አኑሩት፣ በየሁለት ቀኑ ገልጣችሁ እዩ። ከ20 ውስጥ 16 ከበቀለ 80 ከመቶ ነው፣ ጥሩ ዘር ነው። ግማሽ ከሆነ እጥፍ አድርጋችሁ ዝሩ። ይህንን ሥራ ለልጅ ማሳየት ከፈለጋችሁ ደግሞ ፌጦ ውሰዱ። ፌጦ እርጥብ ጥጥ ላይ ሲቀመጥ ዙሪያውን የሚያዳልጥ ነገር ያበጃል፣ ውሃ የሚያጠራቅምበት ነው፣ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ነጭ ሥር ያወጣል። ልጅ ጠዋት ተነሥቶ ያንን ሲያይ ፊቱን ማየት ነው።

ወጥ ቤታችሁም የዘር ሱቅ ነው። አብሽ፣ ተልባ፣ ሰናፍጭ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ድንብላል፣ ካልተቆሉ ይበቅላሉ። የድንብላሏ ክብ ፍሬ ውስጥ ሁለት ዘር አለ፤ በጠርሙስ ቀስ ብላችሁ ዳመጥ አድርጋችሁ ለሁለት ክፈሏት። አንድ ጥንቃቄ ግን አደራ። ሮዝ ወይም ቀይ ወይም ሰማያዊ ቀለም የተቀባ የእሽግ ዘር መድኃኒት ያለበት ነው። ለበቆልት አይሆንም፣ ልጅ እጅ አይግባ፣ ከነካችሁት ታጠቡ።

ሁሉም ተሟልቶለት እንቢ የሚል ዘርም አለ። አስቡት፣ ቲማቲም ውስጥ ያለው ዘር እርጥብ ነው፣ ሞቆታል፣ ለምን እዚያው አይበቅልም? የከበበው ዝልግልግ ነገር ስለሚከለክለው ነው። ስለዚህ ዘሩን ከነዝልግልጉ ትንሽ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን ተዉት። እንደ ጥንስስ አረፋ ያወጣል፣ ይሸታልም። ከዚያ ደጋግማችሁ እጠቡት፣ ጥሩው ዘር ታች ይቀራል፣ ባዶው ይንሳፈፋል። በወንፊት አጥልላችሁ ሳህን ላይ በጥላ አድርቁት። ወረቀት ላይ ካደረቃችሁት ይጣበቃል። ፓፓያም እንዲሁ ነው፣ የሸፈነውን ከረጢት የመሰለ ነገር አሽታችሁ አፍርጡት። ግራር ደግሞ ቆዳው ድንጋይ ነው። የችግኝ ጣቢያ ሰዎች የፈላ ውሃ አፍስሰውበት እስኪቀዘቅዝ ያሳድሩታል። አቮካዶና ቡና ከእነዚህ ሁሉ ይለያሉ። መድረቅ አይወዱም። የአቮካዶ ፍሬ እንደ ተበላ ወዲያው መተከል አለበት፤ መስኮት ላይ ወር የከረመ ሞቷል። ቡና ትኩስ ዘር ይፈልጋል፣ ትዕግሥትም ይፈልጋል፣ ከአንድ ወር ተኩል እስከ ሁለት ወር።

በቀለ እንበል። አሁን ነው ብዙ ሰው የሚዘናጋው። ከዚህች ደቂቃ ጀምሮ የሚያስፈልገው ብርሃን ነው። ማዳበሪያ ውስጥ የተረሳ ድንች የሚያወጣውን ነጭና ረጅም ቡቃያ አይታችኋል። ብርሃን ፍለጋ ነው የሚዘረጋው። ጨለማ ክፍል ውስጥ የበቀለ ችግኝም ያው ይሆናል፣ ይቀጥናል፣ ይንጋደዳል፣ ይወድቃል። መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት ለአንድ ሁለት ሰዓት ፀሐይ አሳዩት፣ በየቀኑ ጨምሩለት። ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም በክረምት ለምትዘሩ መስኮት ብቻውን አይበቃም፤ መብራት በቅርብ አድርጉለት። ቃሪያና ቲማቲም ቤት ውስጥ የሚዘራው የመጨረሻው ውርጭ ከሚያልፍበት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቀድሞ ነው። ከአገር ቤት ዘር ይዞ መግባትን በተመለከተ፣ አሜሪካ ለሚተከል ዘር የዕፅዋት ጤና የምስክር ወረቀት ትጠይቃለችና ሳትጠይቁ አትጫኑ።

ሁለተኛው አደጋ፣ ማታ ቀጥ ብሎ የነበረ ችግኝ ጠዋት ተኝቶ መገኘቱ ነው። ግንዱ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ክር አክሎ ቀጥኗል። ይህ አፈር ውስጥ ያለ ሻጋታ መሰል ነገር ነው፣ እርጥበትና መተፋፈግ ይወዳል። የወደቀው አይድንም። የቀሩትን ለማትረፍ ግን ውሃ ቀንሱ፣ አየር እንዲያገኙ አድርጉ፣ ጥቅጥቅ ብለው ከሆነ አሳሷቸው። ስታሳሱ አትንቀሉ፣ የጎረቤቱን ሥር ይነቅልባችኋል። በመቀስ ቁረጡት። የተቆረጡትን የጎመን ችግኞች እኔ እዚያው ቆሜ እበላቸዋለሁ፣ ትንሽ ሰናፍጭ ሰናፍጭ ይላሉ።

መጀመሪያ የሚወጡት ሁለት ቅጠሎች እውነተኛ ቅጠል አይደሉም፣ ስንቁ ናቸው። ቦሎቄ ላይ በደንብ ይታያል፣ ክኮቹን ተሸክሞ ከአፈር ይወጣል። ባቄላና አተር ግን ክካቸውን እዚያው መሬት ውስጥ ይተዉታል። የተክሉን መልክ የያዘው ቅጠል ቀጥሎ የሚመጣው ነው። ሦስት አራት እንደዚያ ያለ ቅጠል ሲያወጣ ወደ መደብ ይዛወራል። ከዚያ በፊት ሳምንት ያህል ቀን ቀን ውጭ እያዋላችሁ ንፋሱንና ፀሐዩን አለማምዱት። ስትነቅሉት ቅጠሉን ያዙ እንጂ ግንዱን አትያዙ። ቅጠል ቢቀደድ ሌላ ያወጣል፣ ግንድ ከተጨፈለቀ አለቀ። ጊዜው ወደ ማታ ይሁን፣ ወይም ደመና ባለበት ቀን። ቲማቲም ሲተከል እስከ ታችኛው ቅጠል ድረስ ቅበሩት፣ ከግንዱም ሥር ያወጣል። ሰላጣን ግን እንደዚያ አታድርጉ፣ እምብርቱ ይበሰብሳል።

ከጓሯችሁ ዘር ለመያዝ ካሰባችሁ እሽጉን አንብቡ። ሃይብሪድ ወይም ኤፍ 1 የሚል ከሆነ የዘንድሮው ፍሬ ያማረ ይሆናል፣ ከሱ የያዛችሁት ዘር ግን የተለያየ መልክ ይዞ ይወጣል። ከሁለት የተለያዩ ወላጆች የተዳቀለ ነውና። ለዘር መያዝ የአገር ጎመንን የሚያህል የለም። ጎመን ዘራችን መገኛው የራሳችን ደጋ ነው፣ ከማንም አልመጣም። እንዲህ ዓይነቱ ሀብት እንዳይጠፋ እ.ኤ.አ. በ1976 አዲስ አበባ ላይ የዘር ባንክ ተቋቁሟል፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝሐ ሕይወት ኢንስቲትዩት በሚባለው ሥር ነው። ባንኩን የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ገበሬው የገዛ ዘሩን በማሳው ላይ እንዲጠብቅ በመሥራታቸው እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አግኝተዋል።

ባንኩ የሚያደርገውን እኛም በትንሹ ማድረግ እንችላለን። ዘርን የሚያስረጁት ሙቀትና እርጥበት ናቸው። የዘር ሰዎች የሚጠቀሙበት ግምት አለ፤ እርጥበቱ በ1 ከመቶ ሲቀንስ፣ ወይም ሙቀቱ በ5 ዲግሪ ሲወርድ፣ ዕድሜው እጥፍ ይሆናል። በእስራኤል ማሳዳ ላይ ከፍርስራሽ የወጣ ወደ 2000 ዓመት የሆነው የቴምር ፍሬ እ.ኤ.አ. በ2005 ተተክሎ በቅሏል፣ ስሙንም ማቱሳላ ብለውታል። ያቆየው የበረሃው ድርቀት ነው።

ስለዚህ ከጎመናችሁ ጠንካራ ጠንካራውን፣ ቶሎ ያላበበውን ምረጡ፣ ከአንድ በላይ ይሁን፣ ቅጠሉን መቁረጥ አቁሙና ያብብ። ቆባው ቡናማ ሲሆን ጠዋት ጤዛው ሳይነሣ እጨዱት፣ ቀትር ላይ ከነካችሁት ይረግፋል። ጥላ ላይ አድርቃችሁ በጆንያ ውስጥ ውቁት፣ አንፍሱት። ዘሩ በጥርስ ሲያዝ ሳይላላ ቀጭ ካለ ደርቋል። በትንሽ ጠርሙስ ክተቱት፣ ክዳኑን አጥብቁት፣ ፍሪጅ በር ላይ ወይም ቤቱ ውስጥ ቀዝቀዝ ያለ ጨለማ ቦታ አስቀምጡት። የኔው ላይ በእርሳስ «ጎመን፣ የካቲት» ብዬ ከነዓመተ ምሕረቱ ጽፌበታለሁ፣ ከሥሩም በሶፍት የተሞከረው ከ20 ስንት እንደበቀለ።